ቦይለሩን ከመቀየርዎ በፊት ውሃውን ይዩት

ጥያቄ፦ “ደቡብ ለንደን ውስጥ በ1930ዎቹ የተሠራ ቤት ገዝተን ገባን። አምስት ነን። ቦይለሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሎፍት (ከጣሪያው ሥር ያለው ባዶ ቦታ) ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የውሃ ጋን አለ፣ ፎቅ ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ የሙቅ ውሃ ሲሊንደር። የሳሎኑ ራዲያተር ከላይ ይሞቃል፣ ከታች በረዶ ነው። የፎቁን በየሁለት ሳምንቱ አየር አስወጣለታለሁ። ሁለት ባለሙያ አስመጣሁ። አንዱ ‘በአንድ ቀን አሮጌውን አውርጄ ኮምቢ (ያለ ሲሊንደር የሻወሩንም ውሃ ራሱ የሚያሞቅ ቦይለር) እሰቅላለሁ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም’ አለኝ። ሌላው ‘ፓወር ፍላሽ (በትልቅ ፓምፕ ማጠብ) ካልተደረገ ዋስትና የለም’ ብሎ ዋጋውን ሰቀለው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ‘ትልቁን ግዙ፣ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል’ ይላል። ራዲያተሮቹን በሙሉ ልቀይር? አየር ሳስወጣ የሚመጣው ጥቁር ውሃስ ከምንታጠብበት ጋር ይገናኛል?”

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። አይገናኝም። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች “ቦይለር” ስንባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነጭ በርሜል ነው፤ ውሃ ይገባል፣ በመብራት ይሞቃል፣ በሻወሩ ይወርዳል፣ አለቀ። እዚህ አገር ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። በራዲያተሮቹ ውስጥ የሚሄደው ውሃ ያው አንድ ውሃ ነው። ከቦይለሩ ሞቆ ይወጣል፣ ቤቱን ይዞራል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞቃል። ቤቱን የሸጡልዎት ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ጀምሮ ሳይቀየር የሚዞር ውሃ ሊሆን ይችላል። ሲሊንደሩ ውስጥም ቢሆን በተጠቀለለ የመዳብ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል እንጂ ከሻወሩ ውሃ ጋር አይቀላቀልም። ሎፍት ላይ ሁለት ጋን መኖሩ ራሱ የዚህ ምልክት ነው፤ ትልቁ ለሲሊንደሩ፣ ትንሿ ለራዲያተሮቹ ናት።

ይህን ያስቀደምኩት የመጡልዎት ሁለት ሰዎችም ሆኑ የባለቤትዎ ወንድም ያወሩት ስለ ሣጥኑ፣ ማለትም ስለ ቦይለሩ፣ ስለሆነ ነው። እርስዎ ከጻፉልኝ ምልክት ውስጥ ግን አንዱም የሣጥኑ አይደለም፤ የታመመው ውሃው ነው። የቤትዎ ራዲያተሮች የብረት ላሜራ ናቸው። ብረት ኦክስጅን ያለበት ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ቀይ ዝገት ያወጣል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ደግሞ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር ደቃቅ ዱቄት ይሆናል። እጅዎ ላይ ቢያደርጉት የቡና አተላ ነው የሚመስለው፣ ጠባዩም የአተላ ነው፤ ውሃው ረጋ ባለበት ቦታ ይዘቅጣል። በራዲያተር ውስጥ ውሃ የሚረጋው ግርጌው መሃል ላይ ነው። መዳፍዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በግርጌው ላይ ቢያስኬዱ ሁለቱ ዳር ለብ ብሎ መሃሉ ላይ ድንገት የሚቀዘቅዝ ቦታ ያገኛሉ። ያ ቅዝቃዜ የደለሉ ቅርጽ ነው። ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ቢሞቅ ኖሮ አየር ነው እል ነበር። ጎረቤቱ እየሞቀ እሱ ሙሉ በሙሉ ቢቀዘቅዝ ደግሞ የቴርሞስታት ቫልቩ ፒን ተጣብቆ ይሆናል፤ እሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

“አየር አስወጣለታለሁ” ያሉት ላይ አንድ እርማት አለኝ። በየሁለት ሳምንቱ የሚጠራቀመው ነገር አየር ላይሆን ይችላል። ብረት ወደዚያ ጥቁር ዱቄት ሲለወጥ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ከፍ ብሎ ባለው ራዲያተር ራስ ላይ ይከማቻል። ሃይድሮጅን ይቀጣጠላል። አንዳንድ የድሮ ሰዎች ላይተር አስጠግተው “ይኸው” ሲሉ አይቻለሁ፤ መጋረጃ አጠገብ የሚደረግ ሙከራ አይደለም፣ አያድርጉት። በተከፈተ መስኮት፣ ያለ እሳት፣ በጨርቅ ይዘው ያስተንፍሱ።

ሌላው አማራጭ በእርግጥ አየር መሆኑ ነው፤ ያኔ ጥያቄው በየት ገባ ይሆናል። ማሞቂያው በደንብ እየሠራ ሳለ ሎፍት ይውጡና ትንሿን ጋን በእጅዎ ይንኩ። ቀዝቃዛ መሆን አለባት። ለብ ካለች፣ ወይም ከላይ ከታጠፈው ቧንቧ ውሃ ሲንጠባጠብባት ካዩ፣ ፓምፑ ውሃውን ወደ ጋኗ እየገፋው ነው ማለት ነው። ውሃው እዚያ አየር ጠጥቶ ይመለሳል፣ ራዲያተሮቹ በየቀኑ ትኩስ ኦክስጅን ያገኛሉ፣ ዝገቱ አያቆምም። ይህ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጋኗ የሚወርደው ቀጭን ቧንቧ ከዋናው ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በደለል ሲጠብ ነው። መፈተሻው የፍሪጅ ማግኔት ነው። መዳብ ማግኔት አይስብም። በዚያ መገናኛ ላይ ማግኔቱን ሲያስጠጉ ከመዳብ ቧንቧ ላይ ከተጣበቀ የሳበው ውስጥ ያለው ደለል ነው። ሥራው ላይ ብዙ ዓመት ቆይቼ እንኳ ይህችን ነገር ሳያት አሁንም ደስ ይለኛል።

ለማንም ገንዘብ ሳይከፍሉ ሌላም ሙከራ ማድረግ ይችላሉ። የሳሎኑ ራዲያተር ቀዝቅዞ እያለ ከማስተንፈሻው ግማሽ ብርጭቆ ያህል ውሃ በመስታወት ማሰሮ ይቅዱና መስኮት ላይ ለአንድ ሌሊት ይተዉት። ጠዋት ከላይ ጠርቶ ከታች ጥቁር ከዘቀጠ፣ ማግኔቱን ከማሰሮው ውጪ ሲያንቀሳቅሱም ጥቁሩ ተከትሎ ከሄደ፣ ማግኔታይት ነው። ቀይ ወይም ብርቱካንማ ከሆነ አሁንም ኦክስጅን እየገባ ነው። ከላይ የጠራውን ውሃ በሌላ ማሰሮ ለይተው ንጹሕ ምስማር ይጣሉበት፣ በሌላ ማሰሮ ደግሞ የቧንቧ ውሃ አድርገው ሁለተኛ ምስማር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለቱም እኩል ከዛጉ በማሞቂያዎ ውሃ ውስጥ ዝገት መከላከያው፣ ኢንሂቢተር የሚሉት ፈሳሽ፣ የለም ወይም አልቋል። የማሰሮዎቹን ፎቶ ያንሱ፤ ኋላ ይጠቅምዎታል።

አሁን “በአንድ ቀን እሰቅላለሁ” ወዳለው ሰው። ተሳስቷል። አሮጌው ቦይለርዎ ውሃ የሚያልፍበት ሆዱ ሰፊና ወፍራም ነው፤ አተላውን ውጦ 20 ዓመት ኖሯል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2005 ጀምሮ የጋዝ ቦይለር ሲቀየር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ኮንደንሲንግ መሆን አለበት። ይህ ዓይነቱ ቦይለር ከጭሱ እንኳ ሙቀት ለመቀማት ሲል የውሃ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ኮምቢ ከሆነ ደግሞ የሻወሩን ውሃ የሚያሞቀው የመዳፍ ስፋት ያለው የሙቀት መለዋወጫ አለ፤ በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። የቤቱ ደለል የመጀመሪያ ማረፊያው እሱ ነው።

ይህን የማውቀው ስላጠፋሁት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ቤተሰብ ኮምቢ ሰቀልኩ። ቀኑ አርብ ነው፣ ሕፃን አላቸው፣ ብርድ ነው። ውሃውን አፈሰስኩ፣ ሁለቴ በንጹሕ ውሃ ሞልቼ ባዶ አደረግኩና “ጸድቷል” አልኩ። የገና በዓል ሳይደርስ ስልክ ተደወለ፤ ሻወሩ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ሙቅ ይላል። ፈትቼ ሳወጣት መለዋወጫዋ በጥቁር ጭቃ ተደፍናለች። አምራቹ በዋስትና አልቀበልም አለ፣ አልፈርድበትም። ከኪሴ ከፈልኩ።

ሁለተኛው ባለሙያ ግማሽ ልክ ነው። የቤት ማሞቂያ ውሃን የሚመለከተው የብሪታንያ መመሪያ ቢኤስ 7593 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው እትሙ መሠረት አዲስ ቦይለር ሲገጠም ሥርዓቱ መጽዳትና መታጠብ፣ ኢንሂቢተር መጨመርና በቧንቧው ላይ ቋሚ ማጣሪያ መገጠም አለበት። ኢንሂቢተሩ በየዓመቱ ይፈተሻል፣ በአምስት ዓመት ደግሞ እንደገና ይጨመራል ወይም ውሃው ላቦራቶሪ ገብቶ ይመረመራል። አምራቾች ዋስትና ሲሰጡ የሚጠይቁት ይህንን ነው። “ፓወር ፍላሽ” የሚባለው ግን የማጽጃ መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። በትልቅ ፓምፕና በኬሚካል ውሃውን በፍጥነት እያዞሩ፣ አቅጣጫውን እየቀያየሩ፣ ራዲያተሮቹን አንድ በአንድ ማጠብ ማለት ነው። ጥሩ ሰው ከሠራው አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። በሁለት ሰዓት ጨርሶ የሚሄድ ሰው ያጠበው ነገር የለም።

የማይጠቅምበት ቦታም አለ። ወደ ራዲያተሮቹ የሚሄደው ቧንቧ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ብቻ የሆነበት ቤት ካጋጠመ፣ ተደፍኖ ያበቃለትን ቀጭን ቧንቧ ፓምፕ አይከፍተውም፤ ውሃው ክፍት የሆነውን መንገድ መርጦ ይሄዳል። ግርጌው የበሰበሰ ራዲያተርም እንዲሁ ነው። ዝገቱ ራሱ የደፈነው ቀዳዳ ይኖራል፤ ዝገቱን ሲያጥቡት ውሃው ምንጣፉ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ “አጣቢው አበላሸብኝ” ይላል። ቀዳዳው ግን ድሮም ነበር፤ አሮጌው ቦይለር ሳለ ቢታወቅ ይሻላል።

እኔ ለእርስዎ ቤት የምመርጠው ቀስ ያለውን መንገድ ነው፤ አሮጌው ቦይለር እስከሠራ ድረስ ማጠቢያ ማሽንዎ እሱ ይሁን። አዲሱ ከመምጣቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማጽጃ ኬሚካል ይግባ፤ ፈርኖክስና ሴንቲኔል የሚሸጡት ዓይነት። አገባቡ አይከብድም። ማሞቂያው ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። በትንሿ ጋን ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ ከፍ አድርገው ከአንድ እንጨት ጋር ይሰሩት፣ ውሃ እንዳይሞላ። ታች ካለው ማፍሰሻ ጋኗ ባዶ እስክትሆን ያፍስሱ፣ ኬሚካሉን ጋኗ ውስጥ ይገልብጡ፣ ወደ ቧንቧው እስኪወርድ ጥቂት ደግመው ያፍስሱ፣ ከዚያ ኳሱን ይፍቱት። መገናኛው ተደፍኖ ከሆነ አይወርድም፤ ያ ደግሞ መጀመሪያ ተቆርጦ መቀየር እንዳለበት በነጻ ነገረዎት። የራዲያተሮቹን ቫልቭ በሙሉ ከፍተው ማሞቂያውን በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ያሠሩት። በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጊዜ አያሳልፉ። በየጠዋቱ በራዲያተሮቹ ግርጌና በቫልቮቹ ሥር የወረቀት ፎጣ ያስኪዱ፤ እርጥበት ካገኙ ያ ራዲያተር ሊሰናበት ነው።

ከዚያ ባለሙያው ይመጣል፣ ጥቁሩን ውሃ ያፈስሳል፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ያጥባል። የሚፈስሰው ውሃ ወደ ሽንት ቤት መስመር እንጂ ጓሮ ወዳለው የዝናብ ውሃ መውረጃ አይሂድ፤ እሱ ወንዝ ነው የሚገባው። መጨረሻውን በዓይን አይመኑ። የጠራ ውሃ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል፣ በአዲሱ ቦይለር ሆድ ውስጥ አሉሚኒየም ካለ ደግሞ የቀረ ማጽጃ ይበላዋል። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካ እስክሪብቶ የመሰለ መሣሪያ አለ፤ የሥርዓቱ ውሃ ከወጥ ቤት ቧንቧ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 10 በመቶ ውስጥ እስኪገባ መታጠብ አለበት። ባለሙያዎ መሣሪያውን ካላወጣ ቁጥሩን ይጠይቁት። ከዚህ በኋላም አንድ ሁለት ራዲያተር ግርጌው አልሞቅ ካለ፣ ያን ጊዜ ለእነሱ ብቻ ፓወር ፍላሽ፣ ወይም አውልቆ ጓሮ ላይ በጎማ ማጠብ ይመጣል። ላሜራ ራዲያተር ሙሉ ደለል ይዞ ምን ያህል እንደሚከብድ ተሸክመው ካልወጡ አያውቁትም፤ ብቻዎን አይሞክሩት፣ ነጣ ያለ ምንጣፍ ላይም አያሳልፉት።

ራዲያተሮቹን በሙሉ አይቀይሩ። ሦስት ዓይነቶቹን ብቻ ይቀይሩ፤ የሚያንጠባጥበውን፣ ታጥቦ ያልዳነውን፣ ለክፍሉ ያነሰውን። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ኮንደንሲንግ ቦይለር ሣጥኑ ላይ የተጻፈለትን ቁጠባ የሚሰጠው ተመላሹ ውሃ ቀዝቀዝ ሲል ብቻ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ጭስ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ተመልሶ ሙቀቱን የሚሰጠው 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማና ከዚያ በታች ነው። አሮጌው ቦይለርዎ በ80 ዲግሪ ነው የሚሠራው። አዲሱንም እንደዚያው 80 ላይ ትተውት ተመላሹ 65 ከሆነ፣ ውድ ቦይለር ገዝተው እንደ ርካሽ እያሠሩት ነው። ውሃው 55 ሆኖ ይውጣ እንበል፣ 45 ሆኖ ይመለስ። ግን ያው ራዲያተር በዚህ ሙቀት የሚሰጠው በካታሎጉ ከተጻፈው ግማሽ ያህሉን ነው፤ የካታሎጉ ቁጥር በ75 ገብቶ በ65 ለሚመለስ ውሃ የተጻፈ ነው። ስለዚህ አንድ ላሜራ ብቻ ያለውን የሳሎን ራዲያተር በዚያው ርዝመት ባለ ሁለት ላሜራና ባለ ሁለት ክንፍ ቢቀይሩት እጥፍ ወደሚጠጋ ሙቀት ይደርሳል፣ ቧንቧውም ብዙ አይነካም። ሕጉም ወደዚያው እየሄደ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጁን 2022 ወዲህ ማሞቂያው ከነቧንቧውና ከነራዲያተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር በ55 ዲግሪ ወይም በታች እንዲሠራ ሆኖ ይነደፋል። ቦይለር ብቻ ለሚቀይር ሰው ግዴታ አይደለም፤ እኔ ግን ሳሎኑንና ትልቁን መኝታ ቤት አሁኑኑ አድርጉት እላለሁ። ወደፊት ሂት ፓምፕ (ከውጪ ሙቀት እየሳበ ቤቱን በመብራት የሚያሞቅ መሣሪያ) ቢያስቡ፣ ለእንግሊዝና ዌልስ መንግሥት የሚሰጠው 7,500 ፓውንድ ድጎማ አለ፣ ሂት ፓምፑም የሚፈልገው ይህንኑ ትልቅ ራዲያተር ነው።

የባለቤትዎ ወንድም ምክር በጥሩ ልብ የተሰጠ ነው፣ ግን አይስሙት። ትልቅ ድስት ቶሎ አያበስልም። ቤቱ የሚሞቀው ራዲያተሮቹ ማውጣት በሚችሉት ልክ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ቦይለር ተነሥቶ ይነድዳል፣ ውሃው ወዲያው ይሞቅበታል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል። ቀኑን ሙሉ መኪና ከትራፊክ መብራት ወደ ትራፊክ መብራት እንደ መንዳት ነው። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በሚጋሩ ባለ ሦስት መኝታ ቤቶች ክፍል በክፍል አስልቼ ብዙ ጊዜ የማገኘው ከ10 ኪሎዋት በታች ነው። ባለሙያ መጥቶ የግድግዳና የመስኮት ልክ ሳይወስድ፣ ሎፍቱ ላይ ስላለው የብርድ መከላከያ ሳይጠይቅ፣ ራዲያተር ብቻ ቆጥሮ “30 ያስፈልግሃል” ካለ የተናገረው ስለ ቤትዎ አይደለም።

30 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ካሉ ከሻወር ነው። ኮምቢ ውሃውን የሚያሞቀው እየፈሰሰ ስለሆነ ትልቅ ጉልበት ይፈልጋል። 24 ኪሎዋት ቦይለር ውሃን በ35 ዲግሪ ከፍ ሲያደርግ የሚሰጠው በደቂቃ ወደ 10 ሊትር ነው፤ 30 ኪሎዋት ደግሞ 12 ሊትር ከምናምን። ይህ እንግዲህ መንገዱ ላይ ካለው ዋና መስመር የሚገባው ውሃ ከበቃ ነው። ባለ 10 ሊትር ባልዲ የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ያድርጉ፣ እስከ መጨረሻ ይክፈቱ፣ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ሰው ሁሉ ቤት ባለበት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያድርጉት። ባልዲው ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀ የትኛውም ኮምቢ ከዚያ የበለጠ አያመጣልዎትም፣ ዋጋው ምንም ቢሆን።

ለአምስት ሰው እኔ ሲሊንደሩን አላወጣም። አንድ ሰው ሻወር ላይ እያለ ሌላው ሳህን ሲያጥብ የሚነሣውን ጩኸት ኮምቢ ያላቸው ዘመዶችዎ ይነግሩዎታል። ሲሊንደር ካለ ቦይለሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ አሁን ያለውን የጋዝ ቧንቧም ላያስቀይር ይችላል። ቦይለሩ ለራዲያተር 55፣ ለሲሊንደር ግን ከፍ ያለ ሙቀት መስጠት የሚችል መሆኑን ይጠይቁ፤ የሌጅዮኔላ ባክቴሪያ እንዳይራባ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት።

የትንሿ ጋን ጉዳይ ይቀራል። ሥርዓቱ ተዘግቶ በግፊት እንዲሠራ ከተደረገ ጋኗ ትወጣለች፣ ኦክስጅን የሚገባበት በርም አብሮ ይዘጋል። እኔ ይህን እደግፋለሁ፣ ግን ልብ ይበሉ። አሁን በሳሎንዎ ራዲያተር ላይ ያለው ግፊት ከሎፍት የሚወርደው ውሃ ክብደት ብቻ ነው፤ 5 ሜትር ከፍታ ግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ነው። ሲዘጋ ቀዝቃዛ ሆኖ ከ1 እስከ 1.5 ባር ይሞላል፣ ሲሞቅም ይጨምራል። በግማሽ ባር 30 ዓመት የኖረ መገጣጠሚያ በ1.5 ባር ሊያለቅስ ይችላል። ቧንቧው ሲሚንቶ ወለል ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ደግሞ ልቅሶውን አያዩትም፣ የግፊት መለኪያው መርፌ በየሳምንቱ ሲወርድ ብቻ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ አዲሱ ቦይለር ከመያያዙ በፊት ቧንቧውና ራዲያተሩ ለብቻ በግፊት ይፈተሽ። ይህ በጽሑፍ ዋጋው ውስጥ እንዲካተት ያድርጉ። አንዳንድ ሰው ግፊቱ ሲወርድ በየጊዜው ውሃ እየሞላ ይኖራል፤ የለንደን ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፣ በሞሉ ቁጥር አዲስ ኖራና አዲስ ኦክስጅን እያስገቡ ነው።

በጋዝ በኩል አጭር እሆናለሁ፣ ምክንያቱም የእርስዎ ሥራ አይደለም። ከቆጣሪው እስከ ቦይለሩ ድረስ የግፊቱ መውረድ ከ1 ሚሊባር ማለፍ የለበትም፤ ኮምቢ ከመረጡ አሮጌው 15 ሚሊሜትር ቧንቧ በብዙ ቤት ለዚህ አይበቃም፣ 22 ይገባል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ያላነሣ ሰው በመጨረሻው ቀን “ተጨማሪ ሂሳብ” ይዞ ይመጣል። አዲሱ ቦይለር አሲድነት ያለው ውሃ ያንጠባጥባል፤ መውረጃው ቢቻል በቤት ውስጥ ወደ ፍሳሽ መስመር ይግባ። ውጪ መውጣት ካለበት አጭር፣ ሰፋ ያለ፣ የተሸፈነ ይሁን። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ብርድ የእነዚህ ቀጫጭን ቧንቧዎች መቀዝቀዝ ስንቱን ቤት ያለ ማሞቂያ አስቀርቷል። በድሮው ጭስ መውጫ ላይ ግራጫ ሲሚንቶ የመሰለ ቱቦ ካዩ አይቁረጡት፣ አይሰርስሩት፤ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ሙሉ በሙሉ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ በእርስዎ ዘመን ቤት ውስጥ መገኘቱ አይገርምም። ጋዝ የሚነካ ሰው የጋዝ ሴፍ (ጋዝ እንዲነኩ የተፈቀደላቸው ባለሙያዎች መዝገብ) መታወቂያ ይዞ መምጣት አለበት፤ ካርዱን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፣ የተፈቀደለት የሥራ ዓይነት የተጻፈው እዚያ ነው። የአገራችን ልጅ ስለሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን ስለምንተዋወቅ፣ ብሎ ካርድ አለመጠየቅ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እኔን ሲጠይቁኝ አልከፋም፣ እሱም አይክፋው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከቦይለሩ ጋር አብሮ መገጠም አለበት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ከሁለቱ ዋጋ አንዱንም አይፈርሙ። አሮጌው ቦይለር ገና እየሠራ ስለሆነ ጊዜ አለዎት፣ ይህን ሥራ ደግሞ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ማሠራት ይቀላል፣ ቤቱ ሁለት ቀን ቢቀዘቅዝ ማንም አይታመምም። በዚህ ሳምንት ማሰሮውንና ባልዲውን ይሞክሩ። የሎፍቱ መገናኛ ተደፍኖ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስቀይሩ። ከዚያ ኬሚካሉ ይግባ፣ የሚያንጠባጥበውና ሳሎኑ ይቀየር፣ ይታጠብ፣ በግፊት ይፈተሽ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሂሳብ የተመረጠ ትንሽ ቦይለር ከነማግኔት ማጣሪያውና ከነኢንሂቢተሩ ይሰቀል፣ ሲሊንደሩ ይቆይ። ባልዲው በደቂቃ ከ15 ሊትር በላይ ካሳየና የሲሊንደሩን ቁም ሣጥን በጣም የሚፈልጉት ከሆነ ብቻ ኮምቢ ያስቡ።

አዲስ ዋጋ ሲጠይቁ ለሦስት ሰው ተመሳሳይ መልእክት ይላኩ፤ የማሰሮዎቹን ፎቶ፣ የባልዲውን ደቂቃ፣ የራዲያተሮቹን ርዝመትና ቁመት አያይዙበት። “የማጽጃው መንገድ ምንድን ነው፣ የመጨረሻውን የውሃ ልክ በቤንችማርክ መዝገቡ ላይ ትጽፍልኛለህ ወይ?” ብለው ይጠይቁ። መዝገቡ ከቦይለሩ መመሪያ ጋር የሚመጣው ቅጽ ነው፣ ባዶ ከተተወ ዋስትና ሲጠይቁ ያስቸግራል። ሥራው ሲያልቅም ባለሙያው በ30 ቀን ውስጥ ለጋዝ ሴፍ ማስመዝገብ አለበት፤ የሕንፃ ደንብ ማረጋገጫው በፖስታ ወይም በኢሜይል ይደርስዎታል። ካልደረሰዎት ይደውሉለት፣ ቤቱን የሚሸጡ ቀን ጠበቃው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ወረቀት ነው።